በስፓኒሽ «አለ» ለማለት የትኛውን ግስ እንምረጥ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ስፓኒሽ የሚማር ሰው ምክንያቱ ለየቅል ነው። ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያስጎበኝ አለ። ከድሬዳዋ አየር ማረፊያ ቱሪስት ተቀብሎ ሐረር የሚያደርስ ሾፌር አለ። አባቱ ወይም አክስቱ ኩባ ተምረው የተመለሱ ልጅም አለ። ትንሽ መናገር ሲጀምሩ ግን ሁሉም አንድ ቦታ ይሰናከላሉ። «አለ» ለማለት ስፓኒሽ አሥር ግስ ያቀርባል፤ የቱን ይምረጡ?

የስፓኒሽ ቃላቱን በራሳችን ፊደል ጽፈናቸዋል። አነባበቡ የላቲን አሜሪካውን፣ በተለይ የኩባውን ይከተላል። «ኸ» ያለበትን ቃል ከጉሮሮ አውጡት፤ አረብኛ ወይም ሶማሊኛ ለሚሰማ የድሬ ልጅ ይህ ድምፅ አያስቸግርም።

ዴሲር ብቻውን አይበቃም?

ዴሲር «ማለት» የሚለው ዋናው የስፓኒሽ ግስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ጀማሪ ከሆናችሁ ሌላውን ሁሉ ለጊዜው ትታችሁ ዴሲርን አጥብቃችሁ ያዙ። ግሱ ያልተስተካከለ ስለሆነ ቅርጾቹን በቃል መያዝ ያስፈልጋል። ዲጎ «እላለሁ»፣ ዲሴ «ይላል»፣ ዲኼ «አልኩ»፣ ዲኾ «አለ»፣ ዲኼሮን «አሉ» ነው። የመጨረሻውን ብዙ ተማሪ «ዲኺዬሮን» ይለዋል፤ ትክክሉ ዲኼሮን ነው።

የዴሲር ጥሩ ነገር ገለልተኛ መሆኑ ነው። ሰውየው ተናገረ ይላል፣ በቃ። የተናገረው እውነት ይሁን ውሸት አይነካም። ሌሎቹ ግሶች ግን የእናንተን አስተያየት ይዘው ይገባሉ። አንዱ «አምኜዋለሁ» ያሰኛል፣ ሌላው «እጠረጥረዋለሁ»። ስለዚህ ከዴሲር ወጥታችሁ ሌላ ግስ ከማንሳታችሁ በፊት ለነገሩ እውነትነት የሚቆመው ማን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ተናጋሪው ነው? እናንተ ናችሁ? ወይስ ማንም የለም? መልሱን ካወቃችሁ ግሱ ራሱ ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ጥያቄ የሚነሱ ናቸው።

አማርኛው «አለ» ካለ ሁሌ ዴሲር እላለሁ?

አይሆንም። የእኛ «አለ» ከመናገር ውጭ ብዙ ሥራ አለው። «ዝም አለ» በስፓኒሽ ሴ ካዮ ነው። «ቁጭ አለ» ደግሞ ሴ ሴንቶ። ሁለቱም ውስጥ ዴሲር የለም። ይህን ብዙዎች ቶሎ ይለምዱታል።

ሳይታወቅ የሚያመልጠው «እምቢ» የሚል ስሜት ያለው «አለ» ነው። ሳቢያን ላይ ባጃጁ ቆሞ «አልነሳም አለ» ስትሉ ባጃጁ ምንም አልተናገረም። ስፓኒሽ እዚህ ጋ «መፈለግ» የሚለውን ግስ ያመጣል፦ ኤል ባጃጅ ኖ ኪዬሬ አራንካር፣ «መነሳት አይፈልግም» እንደማለት። «በሩ አልከፈትም አለ» ሲሆንም እንዲሁ ነው፦ ላ ፑዌርታ ኖ ኪዬሬ አብሪርሴ። ዴሲር ከተጠቀማችሁ እንግዳው በሩ የሚያወራበት ተረት የጀመራችሁለት ይመስለዋል።

«እመጣለሁ አለኝ» የሚለውን እንዴት ልበል?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይሄ ይብሳል፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

አማርኛ የሰውን ንግግር እንዳለ አንስቶ ያስቀምጠዋል። ሾፌሩ «እመጣለሁ» ካለ እኛም «እመጣለሁ አለ» እንላለን። «እኔ» የሚለው መነሻ ሳይነካ ያልፋል፤ ሰሚውም አይደናገርም። ስፓኒሽ «ኬ» የምትለዋን አያያዥ ካስገባ በኋላ ግን ባለቤቱን ይቀይራል። የተናገረው እሱ ከሆነ ግሱም በ«እሱ» ይረባል።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንውሰድ። ሾፌሩ ማታ ደውሎ «ጠዋት 12 ሰዓት ሆቴሉ በር ላይ እደርሳለሁ» አላችሁ። ለእንግዳችሁ ስታስተላልፉ አማርኛው እየጎተታችሁ «ዲኾ ኬ ዬጎ ኣ ላስ ዶሴ» ልትሉ ትችላላችሁ። እንግዳው የሚሰማው «አስጎብኚው ራሱ እኩለ ቀን ላይ እንደሚመጣ ሾፌሩ ተናገረ» የሚል ነው። ሁለት ነገር ተበላሽቷል። ዬጎ «እደርሳለሁ» ስለሆነ መድረሱ ወደ እናንተ ዞሯል። ላስ ዶሴ ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር የእኛ ስድስት ሰዓት ነው።

ትክክሉ፦ ዲኾ ኬ ዬጋባ ኣ ላስ ሴይስ። ዬጋባ «እሱ ሊደርስ» የሚለውን ይይዛል፤ ላስ ሴይስ የእኛ 12 ሰዓት ነው። ሰዓቱ ገና ስላልደረሰ ዬጋ ብትሉም ያስኬዳል። የሰውን ወሬ ስታስተላልፉ ባለቤቱንም ሰዓቱንም አብራችሁ ቀይሩ። እኔ የማስጎብኘት ሥራ ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ የማስተምረው ይህን ነው። እንግዳን በረንዳ ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ የሚያስጠብቅ ስህተት ቀላል አይደለም።

ባለቤት መቀየሩ በጣም ካስቸገራችሁ ኬን ተዉትና ንግግሩን እንዳለ አስቀምጡ፦ ዲኾ፣ «ዬጎ ኣ ላስ ሴይስ»። ትንሽ ቆም ብላችሁ ድምፃችሁን ከቀየራችሁ ይገባቸዋል።

ሰው ሲያዝስ? «ና አለኝ» እና «እንደሚመጣ ነገረኝ» ሁለቱም ዴሲር ናቸው?

አዎ፣ ሁለቱም ዴሲር ናቸው። የሚለያቸው ከኬ በኋላ የሚመጣው ግስ ነው፤ ልዩነቱም አንድ አናባቢ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዴሲር ወሬ ሲያቀብል ተራውን የግስ ቅርጽ ይወስዳል። ትእዛዝ ሲያቀብል ደግሞ ስፓኞች ሱብኹንቲቦ የሚሉትን ቅርጽ ይወስዳል።

ሐረር ላይ ማታ ጅብ ሲቀለብ እንግዳ ይዛችሁ ቆማችኋል እንበል። ቀላቢው «እንዳይንቀሳቀስ በለው» አላችሁ። «ዲሴ ኬ ኖ ቴ ሙዌቤስ» ካላችሁ «አትንቀሳቀስም ይላል» ማለት ነው፤ ሰውየው እንደማይንቀሳቀስ የሚገልጽ ወሬ። «ዲሴ ኬ ኖ ቴ ሙዌባስ» ስትሉ ግን «አትንቀሳቀስ ይልሃል» ይሆናል። ቤ እና ባ ብቻ ናቸው የተለዩት። እዚያ ቦታ ላይ የትኛው እንደሚያስፈልግ ግልጽ ነው።

ያለፈ ጊዜ ሲሆን «ና አለኝ» ሜ ዲኾ ኬ ቢኒዬራ ነው። «እመጣለሁ አለኝ» ደግሞ ሜ ዲኾ ኬ ቤኒያ።

አብላርና ኮንታርስ?

አብላር መናገር፣ ማውራት ነው። የተባለውን ነገር ግን በኬ አይሸከምም። «አብሎ ኬ…» የሚል ዓረፍተ ነገር ስፓኒሽ ውስጥ የለም። አብላር ዴ ብላችሁ ርእሱን ትጠቅሳላችሁ፦ አብሎ ዴ ሱ ፋሚሊያ፣ «ስለ ቤተሰቡ አወራ»።

ኮንታር መተረክ፣ ማጫወት ነው። መቁጠርም ማለት ነው። ድሬ ላይ ሰው ሲገናኝ «እስቲ አጫውተኝ» እንደሚለው እነሱም ኩዌንታሜ ይላሉ። ታሪክ ያለው ነገር ሲሆን ከዴሲር ይልቅ ኮንታር ይሞቃል። ኩባ የተማሩ አባት ስለ ወጣትነታቸው ሲያወጉ ሜ ኮንቶ በሉ። ሜ ዲኾ ካላችሁ አንድ ነጠላ መረጃ የሰጧችሁ ይመስላል።

«ጠቀሰ» የሚለውስ? ሜንሲዮናር፣ ኖምብራር፣ ሲታር፣ አሉዲር አንድ ናቸው?

ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ሜንሲዮናር መጥቀስ ነው፤ በሌላ ወሬ መሃል ነገሩን ማንሳት። ነገሩን በቀጥታ ስለሚይዝ መካከል ላይ «ስለ» የሚሉትን ዴም ሆነ ሶብሬ አታስገቡ። ሜንሲዮኖ ኤል ፕሬሲዮ፣ «ዋጋውን ጠቀሰ»። ቀፊራ ገበያ ሲከራከሩ ቆይተው ስለ ዋጋ ሲያወሩ ከነበረ ግን ሜንሲዮናር ይቀንሳል፤ ዋና ርእሱ ስለነበር አብላሮን ዴል ፕሬሲዮ ይሻላል።

ኖምብራር በስም መጥራት ነው። ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። አስጎብኚው «አምስት በር አለው» ብሎ ካለፈ ሜንሲዮኖ ላስ ሲንኮ ፑዌርታስ። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር ብሎ አንድ በአንድ ከጠራቸው ኖምብሮ ላስ ሲንኮ ፑዌርታስ። ኖምብራር መሾምም ስለሆነ ሰው ላይ ስታውሉት ተጠንቀቁ። «ኖምብራሮን ኣ ሚ ቲዮ» ብትሉ «አጎቴን ሾሙት» ተብሎ ሊሰማ ይችላል።

ሲታር የሌላን ሰው ቃል ወይም ጽሑፍ መጥቀስ ነው፤ ቀጠሮ መስጠትም ይሆናል። ሬፌሪርሴ ኣ «ስለ እገሌ ነው የማወራው» ለማለት ይመቻል፦ ሜ ሬፊዬሮ ኣ… ብላችሁ ጀምሩ።

አሉዲር ኣ ደስ የሚል ግስ ነው። ስም ሳይጠሩ ማንሳት ማለት ነው። እኛ ሰው ላይ በነገር ስንወጋ፣ «ለአንዳንድ ሰዎች…» ብለን ወደ አንዱ ስናይ፣ ያ አሉዲር ነው። ስሙን ጠርታችሁ ከሆነ ሜንሲዮናር በቂ ነው፤ አሉዲር አያስፈልግም።

አስጎብኚ ነኝ። አፊርማር መቼ ነው የምለው?

እርግጠኛ ስትሆኑ፣ ወይም ተናጋሪው እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር። አፊርማር «እንዲህ ነው» ብሎ ማረጋገጥ ነው፤ ተቃራኒው ኔጋር፣ መካድ ነው። ይህ ጥያቄ ለሐረር ልጆች ከሌላው ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ እንግዳው የምትሉትን ይዞ አገሩ ይገባልና።

የራምቦ ቤት የሚባለውን ውሰዱ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ በከተማዋ በተለያየ ጊዜ ለዓመታት ኖሯል። ይህን አፊርማር ማለት ይቻላል። በስሙ የሚጠራው ያ የሚያምር የእንጨት ቤት ግን ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ራምቦ እዚያው ቤት ውስጥ ኖሯል የሚለው ወሬ ነው። ታዲያ «ራምቦ ቢቢዮ አኪ» ብላችሁ ብቻ ብትጨርሱ ያላረጋገጣችሁትን አረጋግጣችኋል። ሴ ዲሴ ኬ ራምቦ ቢቢዮ አኪ በሉ። ሴ ዲሴ ኬ ልክ እንደ እኛ «ይባላል» ነው። ማንም ለእውነትነቱ አይቆምም፤ ታሪኩ ግን ይነገራል።

ምንጭ ያለው መረጃ ሲሆን ደግሞ ምንጩን ጥሩ። ዩኔስኮ ጀጎልን እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በውስጡ 82 መስጊዶች እንዳሉ፣ ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆኑ፣ 102 የአውሊያ ቦታዎች እንዳሉም ጽፏል። ይህን ስትሉ ሴጉን ላ ኡኔስኮ፣ «እንደ ዩኔስኮ» ብላችሁ ጀምሩ፤ ወይም ላ ኡኔስኮ ሴኛላ ኬ…፣ «ዩኔስኮ ይጠቁማል» በሉ። ሐረር ከእስልምና ቅዱስ ከተሞች አራተኛ ናት የሚለው ግን ብዙ ሰው የሚለው እንጂ ሁሉም የሚስማማበት ስላልሆነ ሙቾስ ዲሴን ኬ፣ «ብዙዎች ይላሉ» ይበቃዋል። እንዲህ ለይቶ የሚናገር አስጎብኚ ይታመናል። የከተማዋ ክብርም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አሴጉራር፣ ሶስቴኔር፣ አሌጋር ከአፊርማር በምን ይለያሉ?

አሴጉራር «አይዞህ፣ እመነኝ» የሚል ቃና አለው። የሐረር ቡና የምትሸጥ እናት «የዘንድሮ ነው፣ እመነኝ» ስትል ሌ አሴጉሮ ኬ ኤስ ዴ ኤስቴ አኞ ነው። ኢንሹራንስ መግባትም በዚሁ ግስ ነው የሚነገረው።

ሶስቴኔር የሚቃወም ሰው እያለ በአቋም መጽናት ነው። ክርክር ከሌለ አታምጡት።

አሌጋር ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ለመከላከያ ወይም ለሰበብ ምክንያት ማቅረብ ነው። የባጃጅ ሾፌሩ ዝርዝር የለኝም አለ እንበል። ዲኾ ኬ ኖ ቴኒያ ካምቢዮ ካላችሁ የተባለውን ብቻ አስተላለፋችሁ። አሌጎ ኬ ኖ ቴኒያ ካምቢዮ ካላችሁ ግን «ሰበብ ነው» የሚል ጥርጣሬ ጨመራችሁ። ሾፌሩን የምታምኑት ከሆነ በዲኾ እለፉት። በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች አሌጋር መጨቃጨቅም ነው።

ዜና ላይ የማያቸው ዴክላራር፣ ማኒፌስታር፣ ሴኛላር፣ ኢንዲካርስ?

የአማርኛ ዜና አንብባችሁ ታውቃላችሁ። ኃላፊው መጀመሪያ «ገለጹ»፣ ቀጥሎ «አስታወቁ»፣ ከዚያ «ጠቆሙ»፣ መጨረሻ ላይ «አክለውም» ይላሉ። የስፓኒሽ ጋዜጣም እንደዚያው ነው፤ ዲኾን ላለመደጋገም ግሶቹን ይለዋውጣል። «አክለውም» ለሚለው ስፔን ውስጥ አኛዲዮ ይበዛል፤ ላቲን አሜሪካ ውስጥ አግሬጎ።

ዴክላራር በይፋ ቃል መስጠት ነው፦ ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለጉምሩክ። ማኒፌስታር ስሜትን ወይም አቋምን በይፋ መግለጽ ሲሆን መጨረሻው ላይ ሴ ተጨምሮ ማኒፌስታርሴ ሲሆን ሰልፍ መውጣት ይሆናል። ሴኛላር በጣት ማመልከትም መጠቆምም ነው። ኢንዲካር ምልክት፣ ካርታና ሐኪም የሚያደርጉት ነው፤ መንገድ ሲያሳዩ፣ መድኃኒት ሲያዙ።

ቤት ውስጥ፣ ሻይ ላይ፣ መንገድ ላይ እነዚህን አትጠቀሙ። ለጓደኛ «ማኒፊዬስቶ ኬ ቴንጎ አምብሬ» ብትሉ «መራቤን በይፋ እገልጻለሁ» እንደማለት ነው። ዘና ባለ ወሬ «እንዲህ ሲል ነገረኝ» ለማለት ሜ ኮሜንቶ ኬ ጥሩ ነው። ኮሜንታር ብዙ ጊዜ አስተያየት መስጠት ብቻ ይመስለናል፤ እነሱ ግን ቀለል ላለ ወሬ ሁሉ ይጠቀሙበታል።

«ዲጎ ዴ ኬ» የሚሉ ስፓኞች ሰምቻለሁ። ልክ ነው?

ትሰማላችሁ፤ ግን ስህተት ነው። ዴኬይስሞ ይባላል፤ የራሳቸው መምህራንም ሲያርሙት ይኖራሉ። መፈተኛው ቀላል ነው። የሚከተለውን ሁሉ በኤሶ፣ «ያን» በሚለው ተኩት። ዲጎ ኤሶ ይባላል እንጂ ዲጎ ዴ ኤሶ አይባልም፤ ስለዚህ ዲጎ ኬ። አብሎ ዴ ኤሶ ግን ይባላል፤ ስለዚህ ዴ ይኖራል። ኢንፎርማር ግን ሁለቱንም ይፈቅዳል፦ ስፔን ዴ ኬን ትመርጣለች፣ ላቲን አሜሪካ ኬን ብቻ።

እንግዳን «ዲሜ» ልበለው ወይስ «ዲጋሜ»?

ዲሜ «ንገረኝ» ነው፤ ዲጋሜ «ይንገሩኝ»። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይበዛ ልጆቻችን ለሁሉም ሰው ዲሜ ማለት ይቀናቸዋል። ስፔናዊ ወጣት ከሆነ ችግር የለውም፣ እነሱም ቶሎ «አንተ» ይላሉ። ሽማግሌ ሲሆን ግን በዲጋሜ ጀምሩ። ኮሎምቢያዊ ከሆነም እንዲሁ፤ እዚያ አገር አንቱታው ሰፊ ነው። «አንተ በለኝ» ካለ ያኔ ትለውጣላችሁ። ስፔን ውስጥ ስልክ ሲነሳም ዲጋሜ ይባላል፤ «አቤት» እንደምንለው።

የአባቴ የኩባ ወረቀት ላይ «ሴ አሴ ኮንስታር ኬ» ይላል። ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1977 እና 1978 በኦጋዴን ጦርነት የኩባ ወታደሮች በዚህ አካባቢ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው፣ ብዙዎቹም ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ በምትባለው ደሴት ላይ ተምረዋል። ከእነሱ አንዳንዶቹ ዛሬ እዚሁ ይኖራሉ። ወረቀቶቻቸው ሳጥን ውስጥ ናቸውና እባካችሁ በጥንቃቄ ያዟቸው።

አሴር ኮንስታር ከዴሲር ቤተሰብ ሁሉ ከባዱ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በማህተሙና በፊርማው «ይህ እውነት መሆኑን እናረጋግጣለን» ሲል ይጠቀምበታል። ለእውነትነቱ ተቋሙ ራሱ ይቆማል ማለት ነው። ሰርቲፊካር የሚለውም ቅርብ ነው፤ አማርኛ ላይ ሁለቱንም «ያረጋግጣል» ብትሉ ያስኬዳል። «ይላል» ወይም «ይጠቅሳል» ብላችሁ እንዳታቀሉት፤ አስተርጓሚ ስትቀጥሩም ይህችን መስመር ራሳችሁ ተመልከቱ። ወረቀቱ ከጠፋና ትምህርት ቤቱን በደብዳቤ ስትጠይቁ የምትጠይቁት ነገር ስሙ ከዚሁ ግስ የወጣ ነው፦ ኡና ኮንስታንሲያ ዴ ኤስቱዲዮስ።